ብስባሽ ማዳበሪያ፤ ለመሬት የሚመለስ ምግብ



ሰው የሚበላው እህልና አትክልት ሁሉ ከአፈር የሚገኝ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን አፈርም በበኩሉ ምግብ የሚያስፈልገው መሆኑን፣ ምግቡንም ሲያጣ እንደ ሰውና እንደ እንስሳ የሚከሳ መሆኑን አጥብቀው የሚያስተውሉ ጥቂቶች ናቸው። ገበሬው «መሬቴ ደከመ» ብሎ ሲናገር የምሳሌ ቃል መናገሩ አይደለም፤ በእርግጥ የጎደለ ነገር አለና ነው። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንማረው ከማእድ ቤት፣ ከግቢና ከበረት እየተጠረገ የሚጣለው ነገር እንዴት ተመልሶ የአፈር ምግብ እንደሚሆን ነው።

ትምህርቱ ለሁለት ወገኖች የተዘጋጀ ነው። አንደኛው ወገን በከተማ መካከል፣ በድንጋይ ግንብ በታጠረ ገዳም የሚኖረውና ከጥቂት ዛፎችና ከትንሽ የአትክልት መደብ በቀር ሌላ መሬት የሌለው ደቀ መዝሙር ነው። ሁለተኛው ወገን ቅዱሳት መካናትን ተሳልሞ ወደ አገሩ የሚመለሰው፣ በዚያም ጓሮና ማሳ የሚጠብቀው ምእመን ነው። ስለዚህ ምሳሌዎቹ አንዳንዶቹ ከኢየሩሳሌም፣ አንዳንዶቹም ከኢትዮጵያ ደጋ የተወሰዱ ናቸው፤ የሥራው መሠረት ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

፩. አፈር ከምን ከምን ይገኛል?

አፈር የደቀቀ ድንጋይ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ለም አፈር አራት ነገሮች የተባበሩበት ነው። እነርሱም፤ ከድንጋይ የተፈረፈረው አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ፤ ውሃ፤ አየር፤ በመጨረሻም ከዕፀዋትና ከእንስሳት የተረፈው ብስባሽ፣ በውስጡ ከሚኖሩት ሕያዋን ጋር ናቸው። ይህ አራተኛው በሚዛን ሲታይ ጥቂት ነው፤ በብዙ የእርሻ መሬቶች ከመቶ እጅ 5 እንኳ አይሞላም። ሆኖም የአፈሩ ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው በዚህ በጥቂቱ ነው።

ፈጽሞ የበሰበሰውና ጥቁር መልክ የያዘው ክፍል በሳይንስ ቋንቋ ሁመስ ይባላል። ሥራውም አራት ነው። አንደኛ፣ ውሃን እንደ ሰፍነግ ይዞ ያቆያል። ሁለተኛ፣ የአፈሩን ቅንጣቶች እያያዘ ፍርፍር ስለሚያደርጋቸው አየርና ሥር በቀላሉ ይገባሉ። ሦስተኛ፣ ለተክል ምግብ የሚሆኑትን ንጥረ ነገሮች ዝናም አጥቦ እንዳይወስዳቸው ያግዳል። አራተኛ፣ በዓይን የማይታዩትን ረቂቃን ፍጥረታትና የሚታየውን የመሬት ትል ይመግባል። የእንግሊዙ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመሬት ትሎች ቅጠልን ወደ ጉድጓዳቸው እየጎተቱ፣ አፈርንም እየዋጡና እያወጡ የምድርን ገጽ እንዴት እንደሚለውጡት ከብዙ ዘመን ምርምር በኋላ ገልጦአል።

ይህን ነገር ለማረጋገጥ የትምህርት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከሚገኘው ደን ገብታችሁ ከጥዱና ከወይራው ሥር የወደቀውን ቅጠል ገለጥ አድርጋችሁ አፈሩን በእጃችሁ ዝገኑ። ጥቁር፣ ቀዝቃዛና ለስላሳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያም ከቅጥሩ ውጭ ካለው ማሳ አንድ እፍኝ ዘግናችሁ አስተያዩ። በደኑ ውስጥ ማዳበሪያ የበተነ ሰው የለም፤ ዛፎቹ ግን ለብዙ ትውልድ ቆመዋል። ምክንያቱም ከምድር የወሰዱትን በቅጠላቸውና በቅርንጫፋቸው በኩል በየዓመቱ እዚያው ስለሚመልሱ ነው። ከማሳው ግን በየዓመቱ ይወሰዳል እንጂ የሚመለስለት ነገር እምብዛም የለም። የሁለቱ አፈር ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው። (ከደኑ ቅጠል ጠርጎ ወደ ማሳ መውሰድ ግን አይገባም፤ ደኑ የሚኖረው በዚያው ቅጠል ነውና።)

፪. ኩበትና እንጀራ

በኢትዮጵያ ደጋ ደኑ እየሳሳ በሄደ ጊዜ የማገዶውን ቦታ ኩበት ያዘው። እበት ሲነድ በውስጡ የነበረው ካርቦንና ናይትሮጂን ከጢስ ጋር ወደ አየር ይሄዳል። ፎስፎረስና ፖታሲየም አብዛኛው በአመዱ ውስጥ ቢቀርም አመዱ የሚደፋው በቤቱ አጠገብ እንጂ ከማሳው አይደርስም። ገለባውና ጭዱም ለከብት መኖ፣ ለጭቃ ማቡኪያ ወይም ለገበያ ይውላል። እህሉ ደግሞ ወደ ጎተራና ወደ ከተማ ይጓዛል። ስለዚህ ማሳው በየዓመቱ እያበደረ ብድሩ የማይመለስለት ባላገር ይመስላል።

በዚህ ምክንያት ኩበት የምታነድን እናት መውቀስ አይገባም። እንጨት የሌላት ሴት ልጆችዋን ጥሬ አታበላም። ምጣዱ የሚሰማው በኩበት ከሆነ፣ ዛሬ የተጋገረው እንጀራ የሚመጣውን ዓመት እንጀራ የሚቀንስ መሆኑን እያወቀችም ቢሆን ታነደዋለች። ችግሩ የማገዶ ችግር ስለ ሆነ መፍትሔውም ከማገዶው መጀመር አለበት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በብዙ ስፍራ ለማገዶ በመድረሱ እበቱን ከእሳት ያተረፈበት ጊዜ አለ። ማገዶ የሚቆጥቡ ምድጃዎችም እንዲሁ ይረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ያስተማረው ሌላው መንገድ ደግሞ እበቱን በታሸገ ጉድጓድ አብላልቶ ጋዙን ለማብሰያ፣ የቀረውን ዝቃጭ ለማሳ ማዋል ነው። በዚህ ዘዴ አንዱ እበት ለምጣዱም ለማሳውም ይደርሳል።

ይህ ሁሉ በሌለበት ቤትስ ምን ይደረጋል? መልሱ ጥቂቱን እበት ማብዛት ነው። እበት ለብቻው በማሳ ላይ ቢበተን ጥቂት መሬት ብቻ ይሸፍናል፤ ከአረም፣ ከቅጠል፣ ከልጣጭና ከገለባ ጋር ቢከመር ግን ለሁሉም እንደ እርሾ ሆኖ ብዙ ማዳበሪያ ያስገኛል። ጥቂት እርሾ ሙሉ ቡሖ እንደሚያቦካ፣ ጥቂት እበትም ሙሉ ክምር ያበስላል።

፫. ክምሩ እንዴት ይበስላል?

ይህን ሥራ በዘመናዊ ጥናት መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የእርሻ ሊቅ ሰር አልበርት ሃዋርድ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 በህንድ አገር በኢንዶር ከተማ ሲሠራ የአገሩን ገበሬዎች ልማድ በትሕትና አጥንቶ፣ የዕፀዋትን ትርፍራፊ ከጥቂት ፍግ፣ ከአፈርና ከአመድ ጋር በየተራ እየደረቡ የሚከምሩበትን ዘዴ አዘጋጀ። ዘዴውም በከተማዋ ስም የኢንዶር ዘዴ ተብሎ በብዙ አገሮች ታወቀ።

የክምሩ ሠራተኞች ባክቴሪያና ሻጋታ የሚባሉት ረቂቃን ፍጥረታት ናቸው። እነርሱም አራት ነገር ይሻሉ፤ የሚያቃጥሉት ካርቦን፣ ሰውነታቸውን የሚገነቡበት ናይትሮጂን፣ ውሃና አየር። ካርቦን በደረቀው ነገር ውስጥ፣ ማለት በገለባ፣ በደረቅ ቅጠል፣ በሰጋቱራና በካርቶን ውስጥ ይበዛል። ናይትሮጂን ደግሞ በእርጥቡ፣ ማለት በለጋ አረም፣ በልጣጭ፣ በቡና አተላና በእበት ውስጥ ይገኛል። ሊቃውንቱ የሚመክሩት መጠን በሚዛን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ለ1 እጅ ናይትሮጂን ነው። ለእኛ ሥራ ግን፣ ከማእድ ቤት ለሚወጣው አንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር መጨመር ይበቃል።

እነዚህ ፍጥረታት ሲሠሩ ሙቀት ይወጣል። ደኅና ሆኖ የተሠራ ክምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ይህ ሙቀት ለብዙ ቀናት ከቆየና ክምሩም እየተገለበጠ ዳሩ ወደ መካከል ከገባ፣ አብዛኛውን የአረም ዘርና የበሽታ ጀርም ይገድላል። በኋላም ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይበርድና ሻጋታዎችና ትሎች የቀረውን ያለዝባሉ። ክምሩ በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው ቁመቱ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።

፬. አዘገጃጀት

ሀ) ቦታው። ጥላ ያለበት፣ ውሃ የማይቋጥር፣ ከጉድጓድ ውሃና ከመኖሪያ ክፍል ራቅ ያለ ስፍራ ይመረጥ። ኢየሩሳሌም ዝናሟን የምታገኘው በአብዛኛው በቀዝቃዛው ወራት ነው፤ በጋዋ ረጅምና ደረቅ ነው። ስለዚህ በዚያ ክምሩ በበጋ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ፣ በዝናሙ ወራትም እንዳይጨቀይ ይከደን። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ትልቁ ዝናም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እርጥብ አረምና ቅጠል የሚበዛውም ክረምቱ ሲወጣ ስለ ሆነ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር መከመር ለሚመጣው የዘር ወራት በቂ ጊዜ ይሰጣል። እርጥበት በሚያጥርበት ስፍራ በጉድጓድ፣ ውሃ በሚበዛበት ስፍራ ከመሬት በላይ መከመር ይሻላል።

ለ) የሚገባው። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የምስርና የባቄላ ገለፈት፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ የበረት ጥራጊ፣ የበግና የዶሮ ኩስ ሁሉ ይገባል። በበዓል ቀን ተጎዝጉዞ የሚጠረገው ቄጠማም እጅግ መልካም ነው። የገዳም ማእድ ቤት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ በጾም ወራት የሚወጣው ትርፍራፊ ሥጋም ቅባትም የሌለበት ስለ ሆነ ምንም ሳይመረጥ ሊከመር ይችላል። የወይራ ቅጠልና የጥድ መርፌ ቶሎ ስለማይበሰብሱ ተከትፈው በጥቂቱ ይጨመሩ። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ቅባታማ ስለ ሆነ አይብዛ።

ሐ) የማይገባው። ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባትና ወተት አይጦችን ስለሚጠሩ አይግቡ። የሰው፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር በሽታ ስለሚያስተላልፍ አይግባ። የጧፍና የሻማ ቁራጭ፣ ላስቲክ፣ መስተዋትና ቆርቆሮ አይበሰብሱም። በበሽታ የተመታ ተክልና አረም ማጥፊያ መድኃኒት የተረጨበት ሣር እንዲሁ ይከልከል። የተረፈ እንጀራ በጥቂቱ ቢገባ አይጎዳም፤ ነገር ግን በክምሩ መካከል ተቀብሮ በደረቅ ነገር መሸፈን አለበት።

ስለ አመድ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። በምዕራብና በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ዝናም ያጠበው ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለ ሆነ አመዱ ይጠቅመዋል። የኢየሩሳሌም ተራሮች ግን የኖራ ድንጋይ ስለ ሆኑ በአፈሩ ውስጥ ኖራ አስቀድሞ አለ፤ በዚያ አመድ ማብዛት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

መ) አደራረቡ። ከሥር ወፍራም ጭራሮ ይነጠፍ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነውና። በላዩ አንድ ስንዝር ያህል ደረቅ ነገር፣ ቀጥሎ ከእርሱ ያነሰ እርጥብ፣ ቀጥሎ በውሃ የተበጠበጠ እበት፣ ቀጥሎም ስስ አፈር ይደረብ። እያንዳንዱ ድርብ ውሃ ይረጭ። እንደዚህ እየተደጋገመ ቁመቱ፣ ስፋቱና ርዝመቱ ቢያንስ 1 ሜትር እስኪሆን ይከመር። ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀቱን ስለማይዝ ይበሰብሳል እንጂ አይሞቅም። በመጨረሻ በገለባ፣ በሣር ወይም በጆንያ ይሸፈን። ለዚህ ያህል ቦታ የሌለው ሰው ሥሩና ጎኑ የተበሳሳ በርሜል መጠቀም ይችላል፤ ሥራው ግን ይዘገያል።

ሠ) እርጥበቱና ማገላበጡ። ከክምሩ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጨብጡ። ተጨምቆ የተተወ ጨርቅ ያህል እርጥበት ካለውና ጠብታ ካልወረደው ልኩ ነው። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ በመንሽ ወይም በአካፋ ተገላብጦ የውጭው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጭ ይሁን። ይህም በየሦስት ሳምንቱ ቢደገም ክምሩ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። ሳይገለበጥ የተተወው አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ረ) መብሰሉን ማወቅ። የበሰለ ብስባሽ ቀዝቃዛና ጥቁር ነው፤ ሽታው ዝናም የነካው የደን አፈር ሽታ ነው፤ ልጣጩ ከቅጠሉ ተለይቶ አይታወቅም። ለማረጋገጥ አንዱን ጣሳ በተራ አፈር ብቻ፣ ሌላውን በእኩል በተቀላቀለ አፈርና ብስባሽ ሙሉና በሁለቱም ላይ ፌጦ ዝሩ። ፌጦ በጥቂት ቀናት የሚበቅል ነው። በብስባሹ ውስጥ ያለው ከወጣና ከለመለመ ሥራው ተፈጽሞአል፤ ካልበቀለ ወይም ከገረጣ ገና ጥሬ ነው። ጥሬ ብስባሽ በተክል ሥር ቢደረግ፣ ሥራቸውን ያልጨረሱት ረቂቃን ፍጥረታት የአፈሩን ናይትሮጂን ከተክሉ ጋር ይሻሙበታል።

፭. የሚታዩ ጉድለቶችና መፍትሔዎቻቸው

ክምሩ እንደ ሽንት ዓይነት የሚቆጠቁጥ ሽታ ካወጣ እርጥቡ በዝቶአል፤ ናይትሮጂኑም በአሞንያ መልክ እያመለጠ ነው። ገለባ ወይም ሰጋቱራ ይጨመርበት። እንደ ረግረግ ከከረፋ አየር አጥቶአል፤ ተገልብጦ ደረቅ ነገር ይግባበት። ምንም ሙቀት ከሌለው ወይ ደርቆአል፣ ወይ አንሶአል፣ ወይም እበት ጎድሎበታል። ጉንዳን ከሰፈረበት ደርቆአልና ውሃ ይረጭ። ዝንብና አይጥ ከበዙበት የምግብ ትርፍራፊ ተገልጦ ቀርቶአል ማለት ነው።

ይህ የመጨረሻው ጉዳይ በከተማ እጅግ የከበደ ነው። ተሳላሚዎች በኢየሩሳሌም ቅጥር በደቡብ በኩል የሚያዩት በር ዛሬም የጉድፍ በር በሚባል ስም ይጠራል፤ በመጽሐፈ ነህምያም ይህን ስም የያዘ በር ተጠቅሶአል። ከተማው ጉድፉን ወደ ውጭ የማውጣት ልማድ ከጥንት ጀምሮ እንደ ነበረው ስሙ ይመሰክራል። በአይሁድ ታልሙድም በኢየሩሳሌም ውስጥ የፍግ ክምር እንዳይደረግ የሚከለክል ሥርዓት ይገኛል፤ ምክንያቱም በክምር ውስጥ የሚራቡት ተንቀሳቃሾች ናቸው። እንግዲህ በከተማ የሚከምር ሰው ክዳንና ጽዳት ግዴታው መሆኑን አይዘንጋ። ጎረቤትን በሽታ የሚያስቸግር ክምር ለመሬት ጥቅም ነው ቢሉት ተቀባይነት አያገኝም።

፮. በማኅበር መሥራት

ከላይ እንደ ተባለው፣ ክምር የሚሞቀው 1 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ሲሞላ ነው። የአንድ ቤት ጥራጊ ግን በአንድ ጊዜ ይህን አይሞላም። ስለዚህ ይህ ሥራ በባሕርዩ ማኅበርን የሚፈልግ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ አምስት ወይም ስድስት ቤት ሲተባበር ክምሩ በጥቂት ሳምንት ይሞላል።

ለማኅበር ሥራ ሦስት ክፍሎች ይዘጋጁ። አንዱ የሚሞላበት፣ ሁለተኛው የሚበስልበት፣ ሦስተኛው የደረሰው የሚቀመጥበት ነው። በየሳምንቱ ተረኛ ይመደብ፤ ተረኛውም ባልዲዎቹን ይቀበላል፣ የማይገባውን ነገር ይለያል፣ ደረቁን ይጨምራል፣ ክዳኑን ይዘጋል። የደረሰውን ብስባሽ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ ገና ከመጀመሪያው ይስማሙ፤ በሥራው የተባበረ ማኅበር በክፍያው ጊዜ እንዳይጣላ።

ይህ ሥራ ከጓሮ አልፎ ማሳ እንደሚደርስ ትግራይ ምስክር ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የመሠረቱት የዘላቂ ልማት ተቋም ከክልሉ የግብርና ቢሮ ጋር በመሆን በጥቂት መንደሮች ብስባሽ ማዘጋጀትን ለገበሬዎች ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በኋላ በተለያዩ ዓመታት በገበሬዎች ማሳ ላይ የተወሰደው ልክ፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካልተጨመረበት እጅግ የበለጠ ምርት እንደ ሰጠ፣ በብዙ ሰብሎችም የኬሚካል ማዳበሪያ ካገኘው እንዳላነሰ አሳየ። በዚያው በትግራይ በውቅሮ አቅራቢያ ያለችው የአብርሃ ወአጽብሐ መንደር በአፈርና በውሃ ጥበቃ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኩዌተር ሽልማት ከተሰጣቸው አንዷ ነበረች።

ነገር ግን ልኩን አለማወቅ ተስፋ ያስቆርጣልና ሒሳቡን እንይ። 2 ሜትር ኩብ ጥሬ ክምር ሲበስል ወደ 1 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢበተን 50 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለጓሮ ይህ ብዙ ነው። አንድ ጥማድ መሬት ግን፣ ማለት ሩብ ሄክታር ገደማ፣ በዚሁ ውፍረት 50 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ስለዚህ ገበሬው ማሳውን በክፍል በክፍል አድርጎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ያዳብር፤ ወይም ብስባሹን በሙሉ ማሳው ከመበተን ዘሩ በሚወድቅበት ትልም ውስጥ ብቻ ያድርግ። የኬሚካል ማዳበሪያንም መናቅ አይገባም። ናይትሮጂንን ከአየር ወስዶ ማዳበሪያ የሚያደርገው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 በጀርመን አገር ሥራ ከጀመረ ወዲህ የዓለም ምርት እጅግ ጨምሮአል። ሆኖም ብስባሽ የሌለው አፈር የተሰጠውን ማዳበሪያ ይዞ ማቆየት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በናረ ጊዜም፣ በደጁ ክምር የነበረው ገበሬ ፈጽሞ ባዶ እጁን አልቀረም።

፯. ከክምሩ ጋር አብረው የሚሄዱ ሥራዎች

ጥራጥሬን ማፈራረቅ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራና ግብጦ በሥራቸው ላይ ትናንሽ እባጮች አሏቸው። በእነዚህ እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ይወስዳሉ። ይህንም ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉት ጀርመናውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1886 ገለጡ። የአገራችን ገበሬ ምክንያቱን በዚህ ስም ባያውቀውም ጤፍን ከጥራጥሬ ቀጥሎ መዝራት እንደሚያዋጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ጉዝጓዝ። አፈርን እርቃኑን አለመተው ነው። ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል በተክሉ ዙሪያ ቢጎዘጎዝ ፀሐይ እርጥበቱን አትወስድም፤ ዝናሙም አፈሩን አይደበድብም። በኢየሩሳሌም በጋ ለአትክልት መደብ ከዚህ የሚበልጥ የውሃ ቁጠባ የለም።

እርከን። ማዳበሪያ የተሰጠው አፈር በጎርፍ ከሄደ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ከኢየሩሳሌም በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለችው የባቲር መንደር በጥንታዊ የድንጋይ እርከኖቿ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በኢትዮጵያም የኮንሶ ሕዝብ እርከን በ2011 እንዲሁ ተመዝግቦአል። ሁለቱም ሕዝቦች አፈርን በድንጋይ ማቆም የሚቻል መሆኑን ለብዙ ትውልድ አስመስክረዋል።

የጓሮ ልማድ። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጋሞ አገር እንሰት በቤቱ ዙሪያ ተተክሎ ከበረት የሚወጣውን ፍግና የቤቱን ጥራጊ እየተመገበ ይኖራል። በዚህም ምክንያት አንዱ ጓሮ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ለምነቱን አላጣም። እንግዲህ ብስባሽ ማዘጋጀት ከውጭ የመጣ እንግዳ ትምህርት ነው የሚል ሰው ቢኖር የእንሰቱን ጓሮ ይመልከት።

፰. መደምደሚያ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ስለ ተጻፈችው በለስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፍሬ ስላላፈራች ትቆረጥ በተባለ ጊዜ አትክልተኛው ዙሪያዋን ቆፍሮ ፋንድያ እስኪያደርግላት ድረስ የአንድ ዓመት ጊዜ ለመነላት። የቃሉ ምሥጢር በሌላ ትምህርት የሚተረጎም ነው፤ በእርሻ በኩል ግን የአትክልተኛው ልመና ትክክለኛ ነበር። መቆፈሩ አየርን ያስገባል፣ ፋንድያው ምግብን ይሰጣል፣ ዓመቱ ደግሞ ምግቡ ወደ ሥር የሚደርስበት ጊዜ ነው። የተራበ መሬት በአንድ ቀን አይጠግብም።

ስለዚህ ደቀ መዝሙር ሆይ፤ ነገ ወደ ደብርህ ስትሄድ ምእመናን ስለ እርሻቸው የሚያማክሩህ ጊዜ ይመጣል። የተራበውን መሬት የሚያጠግብ ነገር በጎረቤታቸው ደጅ እየተጣለ መሆኑን ልታሳያቸው ትችላለህ። አንተም ተሳላሚ ሆይ፤ ወደ ቤትህ በተመለስህ ጊዜ ከጓሮህ ጥግ አንዲት ክምር ጀምር። በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ መደብ ጎመን ብትበቃህ ጥሩ ጅምር ነው። በሁለተኛው ዓመት ጎረቤትህ ምን እንዳደረግህ መጠየቁ አይቀርም፤ ሳትሰስት አስተምረው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ለም አፈር የሚገኝባቸውን አራት ነገሮች ዘርዝር። ሁመስ ምን ምን ሥራ አለው?
2. እበት በሚነድበት ጊዜ የትኞቹ ንጥረ ነገሮች ከጢስ ጋር ይጠፋሉ? የትኞቹስ በአመድ ውስጥ ይቀራሉ?
3. ክምሩ ቢያንስ 1 ሜትር በየአቅጣጫው እንዲሆን የተባለው ስለ ምንድር ነው?
4. አመድ በምዕራብ ኢትዮጵያ ቀይ አፈር ላይ የሚጠቅመው፣ በኢየሩሳሌም አፈር ላይ ግን የማይመከረው ለምንድር ነው?
5. አንድ ክምር የሚቆጠቁጥ ሽታ ቢያወጣ ምን ታደርጋለህ? ባይሞቅስ?
6. 3 ሜትር ኩብ የበሰለ ብስባሽ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢበተን ስንት ካሬ ሜትር ይሸፍናል?
7. የተግባር ሥራ፤ ከማእድ ቤታችሁ በአንድ ሳምንት የሚወጣውን እርጥብ ጥራጊ በባልዲ ለኩ። ለእርሱ የሚያስፈልገውን ደረቅ ነገርና አንድ ክምር ለመሙላት የሚፈጀውን ሳምንት አስልታችሁ በጽሑፍ አቅርቡ።